በሩን ማን ይከፍትላታል?

ልጄ ፈረስ ግዙልኝ ብላ የጨቀጨቀችን ሁለት ዓመት ሙሉ ነው። መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ተቆጣን። በመጨረሻ እኛ ዝም አልን፤ እሷ ግን ዝም አላለችም። በየእሑዱ ከሜልበርን ወጣ ብሎ ወዳለ የግልቢያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እዚያ ፋንድያ ትጠርጋለች፣ ባልዲ ታጥባለች፤ በለውጡ ግማሽ ሰዓት ፈረስ ላይ ያወጧታል። ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። የእኩዮቿ ግድግዳ ላይ የዘፋኝ ፎቶ ነው የሚሰቀለው። የእሷ ላይ የፈረስ ኮቴ ሥዕል ነበር፣ ከነየክፍሉ ስም።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። "የት ልናስገባው ነው? ጋራዥ፣ ከኮሮላዋ ጎን?" እውነቱን ነው። ቤታችን ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ነው። ጓሮአችን ጎመንና ጤና አዳም ተክለንበት ለሰው መቆሚያ እንኳ የለውም።

እኔን ግን ነገሩ ሌላ ቦታ ነካኝ። የአባቴ አባት የአዊ ሰው ነው፤ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር። እሱ እስኪሞት ድረስ እንጅባራ ብሎ አያውቅም፣ ኮሶበር ነው የሚለው። ፈረሰኛ ነበር። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አንድ ዓመት አባታችን ይዞን ሄደና የጥር 23ን ጊዮርጊስ እዚያ አከበርን። የአገው ፈረሰኞች ከየቀበሌው ይመጡና ሜዳውን ይሞሉታል። ፈረሶቹ ግንባራቸውና አንገታቸው በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ክር ያጌጠ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ይሰማኛል። አያቴ ወንድሜን ብድግ አድርጎ ኮርቻ ላይ አስቀመጠው። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

"አንቺ ለኮውን ያዢ" አለኝ።

ያዝኩ። ወንድሜ ኮርቻ ላይ ሆኖ ሜዳውን ሲዞር፣ እኔ ከፊት ከፊት ገመድ እየጎተትኩ ዞርኩ። ቂም ነው አልልም። ግን ይኸው 30 ዓመት አልፎትም አልረሳሁትም፤ እናንተ ስም ስጡት።

ስለዚህ አንድ ቀን ልጄ ማስታወቂያ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ፣ እንደ ሁልጊዜው አልገፋሁትም። አነበብኩት። "የ9 ዓመት ባዝራ። ዳማ፣ ግንባሯ ቦራ። ልጅ ታስቀምጣለች። 1800 ዶላር። የምሸጥበት ምክንያት፦ አጥር የለኝም።" ቦታው በግሌንበርንና በዬይ መካከል፣ ከሜልበርን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሜይ 2009 ነበር።

አጥር የለኝም። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት በዚያ ሰሞን የሚኖር ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ከሦስት ወር በፊት፣ ፌብሩዋሪ 7፣ እኛ ጥር 30 በምንለው ቀን፣ ጥቁር ቅዳሜ የሚባለው እሳት ያንን አገር በልቶታል። ሜልበርን 46.4 ዲግሪ ደርሶ ነበር። 173 ሰው ሞተ። ከ2000 በላይ ቤት ተቃጠለ። ትልቁ እሳት የተነሳው ኪልሞር ኢስት ላይ ነው፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ። በቃ፣ አንድ ሽቦ።

ያን ቀን እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የምሠራው የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ለመተኛት ስገላበጥ ዋልኩ፤ ግድግዳው ራሱ ትኩሳት ያለበት ሰው ይመስል ነበር። አመሻሹ ላይ ከደቡብ ምዕራብ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ቤቱን ሁሉ ከፈትን። "ተመስገን!" አልን፤ ጎረቤቶቻችንም በረንዳ ላይ ወጡ። እዚያ ላይ ግን ያው ነፋስ የእሳቱን ረጅም ጎን ገልብጦ ግንባር አደረገው። እኛ ተመስገን ስንል እነሱ ላይ ምን እየወረደ እንደነበር ያወቅነው በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ከተማ ገባ። እኔ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ፣ ሳልተኛም ሳልነቃም፣ ጓሮ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ሽታው መጣ። ባሕር ዛፍ። ቅጠል ነው የሚነደው። ሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው ይህ ሽታ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ እናቴ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ጥዳለች። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በራችን ላይ ሸክማቸውን አራግፈዋል። ዛሬ ትኩስ እንጀራ በበርበሬ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩት። ደስ አለኝ። አንድ ደቂቃ ይሆናል፣ ምናልባትም ሁለት። ከዚያ ምን እየሸተትኩ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ልብሱን ሳላነሳ ገባሁ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ልጄን ጭኜ የሄድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልወጣ ስል ጎረቤቴ መጣችና ቡና ሳትጠጪ አትወጪም አለችኝ። ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ አቦል ጠጥቼ ቶናውን ትቼ ተነሳሁ። ጃኬቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

እስከ ዊትልሲ ድረስ ምንም የለም። አረንጓዴ መስክ፣ ላም፣ ነዳጅ ማደያ። ልጄ ስለ ባዝራዋ ታወራለች። ቁመቷ 14.2 ነው አለችኝ። ምን? "በእጅ ነው የሚለካው እማዬ። አንድ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር ምናምን። ነጥቡ ደግሞ አሥረኛ አይደለም፣ ኢንች ነው።" አውስትራሊያ ውስጥ ፈረስ ሁሉ ልደቱ ኦገስት 1 እንደሆነም ነገረችኝ፤ ቢወለድ ባይወለድ ያን ቀን አንድ ዓመት ይጨመርለታል። እኛም አገር የልደት ቀን እንዲህ ነበር የሚያዘው ልላት ፈለግሁና ተውኩት።

ከዚያ መንገዱ ተራራ መውጣት ጀመረ። በአንድ ኩርባ ተጠመዘዝንና ዓለም ጥቁር ሆነ።

እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ከሰል የሆነ ዛፍ አይታችኋል። ተራራ ሙሉ ከሰል የሆነ ዛፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ከግንዱ መሐል ሰማይ ይታያል፤ ጫካ ውስጥ ሰማይ መታየት የሌለበት ቦታ ላይ። የገረመኝ ግን ጥቁሩ አልነበረም። ግንዶቹ ፀጉር አብቅለው ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ቅርንጫፍ ሳይሆን ግንዱ ራሱ፣ አረንጓዴና ቀላ ያለ ለስላሳ ቅጠል ለብሷል። የበግ ሱፍ የለበሰ ምሰሶ በሉት። ባሕር ዛፍ ከልጡ ሥር የተኛ እምቡጥ አለው። ደህና ሲሆን ይተኛል። ጫፉ ሲቃጠልበት ይነቃና ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል።

ይህን ለልጄ እኔ ነገርኳት፤ እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ባሕር ዛፍን አያውቅም እንዴ? ከጉልበቱ ቆርጠህ ጣለው፣ በዓመቱ አምስት ሆኖ ይጠብቅሃል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ከተማዋ ልትነሳ ነው ሲባል፣ ያቆማት ይህ ዛፍ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች የመጣበትን ባያዩም ከባሕር ማዶ እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሬ መጥቼ እዚህ አገኘሁት፣ በገዛ አገሩ፣ ተቃጥሎ።

ሁሉም ግን አይነቃም። ከፍ ብሎ፣ ዝናብ የሚበዛበት ቦታ ላይ፣ ማውንቴን አሽ የሚሉት ዓይነት አለ። በዓለም ላይ አበባ ከሚያብቡ ዛፎች ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። እሱ ልጡ ስስ ነው፤ ኃይለኛ እሳት ከነካው ይሞታል። ሲሞት ዘሩን አመዱ ላይ ያራግፋል፣ ልጆቹ ከዚያ ይበቅላሉ። በኪንግሌክ ብሔራዊ ፓርክ ዋላቢ ክሪክ በሚባለው በኩል 90 ሜትር የሚደርሱ ነበሩ። ሄዱ። አንዱ ዓይነት ተቃጥሎ ያቆጠቁጣል፣ ሌላው ሞቶ ይተካል። ልጄ "እኛስ የትኛው ነን?" ብላ ጠየቀችኝ። የ13 ዓመት ልጅ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲያነሳ ሬዲዮ መክፈት ነው የሚሻለው።

ከዚያ ቤቶቹ መጡ። ማለቴ ቤቶቹ የነበሩበት። የጡብ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሟል። ከአጠገቡ ካራቫን፣ ከካራቫኑ አጠገብ የታጠበ ልብስ። አንዱ ጋ የተረፈው የብረት በር ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ አጥር የለም፣ በሩ ግን ተቆልፏል። በር ላይ የተሰቀለ ካርቶን፣ በእጅ የተጻፈ፦ "ቤታችን ነው፤ ፎቶ አታንሱ።" ልጄ ሞባይሏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ጋዝ ረገጥ አደረግሁ። ማየትም ስርቆት መሰለኝ።

ኪንግሌክ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። የምታስተናግደው ሴት ሻዩን ስትሰጠኝ ፊቷ ዝግ ነበር። "ልታዩ ነው የመጣችሁት?" አለችኝ። ምን ልናይ እንደሆነ አልጨመረችም።

"ፈረስ" አልኳት። "ፈረስ ልንገዛ ነው።"

ፊቷ ተከፈተ። ልጄን አየቻት፣ ቦት ጫማዋን አየች፣ ተመልሳ አንድ ኬክ አምጥታ በነፃ አስቀመጠችላት። "ጎሽ፣ የሚገዛ ሰው ያስፈልገናል" አለች።

ከኪንግሌክ ወርደን ወደ ግሌንበርን ስንሄድ አዲስ አጥር ማየት ጀመርን። የእንጨቱ ቀለም ገና ነው፣ ሽቦው ያበራል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌዎች መሬት ይቆፍራሉ፤ አብዛኞቹ ጡረተኛ ይመስላሉ። ብሌዝኤይድ የሚባሉት ናቸው። እሱም የጀመረው እዚያው ኪልሞር ኢስት ነው፤ አጥራቸው የተቃጠለባቸው ባልና ሚስት ገበሬዎች በጎቻቸውን የሚያስገቡበት አጥተው፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያጥርላቸው፣ እነሱ ደግሞ ለሌላው ይሁን ብለው። ወንፈል ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ወጥ የምትሠራም ሴት አብራ ነበረች።

የባለፈረሷ ቦታ ላይ ግን ገና አልደረሱም። በር የለም። አጥር የለም። ዳገቱ ላይ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ግራው ተቃጥሏል፣ ቀኙ ተቃጥሏል፣ እሱ ግን ተርፏል። ለምን እንደተረፈ እሷም አታውቅም። የድርቆሽ ማስቀመጫው የተጠማዘዘ ቆርቆሮ ክምር ሆኗል።

ሰባ ዓመት ይሆናታል። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ የወንድ ሸሚዝ የለበሰች። ሰላም ካለችን በኋላ እኔን ትታ ከልጄ ጋር ነው ያወራችው። ባዝራዋ ከብት ማጎሪያ በሚሆን የብረት ፍርግርግ ታጥራ ቆማለች። ያማረች ናት። ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ጣት የምታክል ቦራ። ጭራዋ ግን ልክ አይደለም፤ ባለጌ ልጅ በመቀስ የቆረጠው ይመስል አጭርና ጎራዳ ነው። ስሟ ቢስኪት ይባላል።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። እኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በዚህ ሒሳብ ባለቤቴ አባ ቢስኪት ሊሆን ነው።

አያቴ ፈረስ ሲገዛ አይቻለሁ። መጀመሪያ ፈረሱን አያይም፤ ሻጩን ነው የሚያየው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ መዳፉን ዓይኑ አጠገብ ያወናጭፋል፣ ጎኑን ተጭኖ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ኮቴውን አንስቶ ይሸታል። ነጋዴው ደግሞ ይምላል። ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ልጄን ይንሳኝ። አያቴ እንደሚለው ሰነፍ ፈረስ አረቄ ተግቶ ገበያ ይቀርባል፣ ቤት ሲደርስ ስካሩ ይለቀዋል። እኔም ያን ሁሉ አስታውሼ፣ እንደሚያውቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወደ ባዝራዋ ሄድኩ።

አንድ ክንድ ሲቀረኝ አፍንጫዋን ነፋች። ዓይኗ ነጩ ወጣ። ወደ ኋላዋ ፈነጠረችና ብረቱን በቂጧ ገጨችው። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

ሴትዮዋ ደንግጣ ዞረች። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብላ አሸተተችኝ። ወደው አይስቁ! ፈረስ ልመረምር መጥቼ እኔው ተመረመርኩ።

"ምንድን ነው የለበስሽው?" አለችኝ። "ጭስ ጭስ ትያለሽ።"

ቡናው። ዕጣኑ። ጃኬቴ።

"አውልቂውና መኪና ውስጥ አስገቢው። እጅሽንም ታጠቢ" አለች። በብርዱ በሹራብ ብቻ ቀረሁ። ተመልሼ ስመጣ ባዝራዋ ቆማ ጠበቀችኝ። ቆይታ ቆይታ አፍንጫዋን እጄ ላይ አደረገች፤ ትኩስ ትንፋሽ።

"ጭሱ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ፈረስ አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ናት። ይህን ሳልነግርሽ አልሸጥልሽም።" ከዚያ እኛ ሳንጠይቅ የቀረውንም ዘረዘረች። የፊት ግራ ኮቴዋ ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ትኩስ መሬት ላይ ሮጣ ነው፤ አድጎ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። በመኪና የሚጎተት የፈረስ ማጓጓዣ ተጎታች ውስጥ አትገባም ማለት ይቻላል። በግራዋ በኩል ጆሮዋን መንካት አትወድም። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አያቴ ይህን ቢሰማ ሴትዮዋ ወይ አብዳለች ወይ ከዚህ የባሰ ደብቃለች ይል ነበር።

ስለዚያ ቀን የነገረችን ትንሽ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ጊዜው እንዳለፈ ገባት፤ ፈረስ ጭኖ መውጣት አይቻልም። ብርድ ልብሳቸውን ገፈፈች፣ የናይሎን ማሰሪያቸውን ከራሳቸው ፈታች፤ ናይሎን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በቀለም ጎናቸው ላይ የስልክ ቁጥሯን ጻፈች። ከዚያ የውስጥ በሮችን ሁሉ ከፈተች። ወደ መንገድ የሚያወጣውን ግን ዘጋች።

"ለምን?" አለች ልጄ።

"በጭስ ውስጥ የእሳት አደጋ መኪና እየበረረ ይመጣል። ፈረስ መንገድ ላይ ካገኘ ሁለቱም ያልቃሉ።" ከዚያ ለልጄ ልክ እንደ ትምህርት አስረዳቻት። በረት ውስጥ አይዘጋም። ሣሩ ያለቀበት ሰፊ ሜዳ ውስጥ ይለቀቃል። ፈረስ ቦታ ካገኘ ይመርጣል፤ እሳቱን ለመሸሽ እየሮጠ አይዘልቀውም፤ ዞሮ ስስ በሆነው በኩል ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ተቃጠለው መሬት ይገባል። አንዴ የተቃጠለ ሁለተኛ አይቃጠልም። ቢስኪት እንዲያ ነው ያደረገችው። በሁለተኛው ቀን የጎረቤት ኩሬ ዳር ቆማ ተገኘች፣ ጭራዋ እስከ ግማሹ ነዶ፣ ቁጥሩ ጎኗ ላይ እንዳለ።

"እነሱ" ብላ ነው ያወራችው፤ ብርድ ልብሳቸው፣ ጎናቸው። ግድግዳው ላይም ሁለት የመስቀያ ሚስማር አለ። አንዱ ላይ ልጓም ተንጠልጥሏል። ልጄ አየችው። እኔም አየሁ። አልጠየቅንም።

ልጄ ስትጋልብ የብረት ፍርግርጉ አጠገብ ቆመን ተመለከትን። በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ልጄ ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር አልገልጽም፤ የእኔ ነው። አፌ ለምን እንደተፈታ እንጃ፣ ለዚያች ለማላውቃት ሴት ያን ጠዋት ነገርኳት። ሽታውን። እናቴን። ደስ እንዳለኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

ቆይታ "በዚህ ዛፍ ነው እናትሽ የምትጋግረው?" አለችኝ።

"በቅጠሉ። ቶሎ ይነዳል፣ ምጣዱን እኩል ያግለዋል።"

"ቶሎስ ይነዳል" አለች። መጀመሪያ የሳቀች መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው? እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ዳገቱን በአገጯ እያመለከተች "እዚህ ሰው ሁሉ አሁን ይጠላዋል። አንድ ሰው እንኳ ምግብ የሠራበት መኖሩን መስማት ጥሩ ነው" አለች። ዝም ብለን ቆምን። ስለ እንጀራ ጠየቀችኝ፤ ስለ እርሾው ነገርኳት። ስንት ቀን እንደሚቦካ ስነግራት ቅንድቧን አነሳች።

ዋጋ ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። በልቤ 1500 ብያለሁ፣ በጭራዋና በኮቴዋ። ገና ቦርሳዬን ስነካ ግን እሷ ጥያቄ ጀመረች። የት ነው የምትቀመጠው? ከከተማው በስተምዕራብ፣ ለግጦሹ በሳምንት የሚከፈልበት ቦታ አይተናል አልኳት። ሣር ነው? ሣር ነው። በጋ ላይ ይደርቃል? ይደርቃል። ባለቤቱ እዚያው ይኖራል? አይ፣ ከተማ ነው የሚኖረው። አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ነገርኳት። የሌሊት ተረኛ፣ 40 ደቂቃ የሚርቅ ቦታ። ባልሽስ? እሱም ሥራ ላይ ነው። ልጅቱ? ትምህርት ቤት።

"እሺ። 45 ዲግሪ ነው፣ ነፋስ አለ፣ ቀኑ ማክሰኞ ነው። በሩን ማን ይከፍትላታል?"

መልስ አልነበረኝም። ልዋሽ እችል ነበር። አያቴ ሻጩን ነበር የሚያየው፤ እሷ ገዢዋን እያየች ነው። ውሸት ብናገር እንደ ጭሱ የምታሸተው መሰለኝ።

"ማንም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ገንዘቤን አልተቀበለችም። ቀብድም አልፈለገችም። "ለሌላ ሰው አልሸጣትም። ሂጂና መጀመሪያ በር የሚከፍት ሰው ፈልጊ፣ ከዚያ ደውይልኝ።" ልጄ ስታለቅስ አላባበለቻትም። ኮቴ እንዴት እንደሚጸዳ አንድ ጊዜ በትክክል አሳየቻት፣ በቃ።

ስንመለስ መሽቷል። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኛች፣ ወይም የተኛች መሰለች። ኪንግሌክ አናት ላይ ስንደርስ የሜልበርን መብራት ከሩቅ ተዘርግቶ ታየ። ያን ቅዳሜ እዚህ የነበረ ሰውም ያየው ይሆናል፤ እኛ በረንዳ ላይ ወጥተን ተመስገን የምንልበትን ከተማ። መስኮቱን ትንሽ አወረድኩት። እርጥብ አመድና አዲስ ቅጠል ይሸታል። "እማዬ ዝጊው" አለች ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ። ዘጋሁት።

በሩን የሚከፍት ሰው ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሜልተን አቅጣጫ ባልና ሚስት አገኘን፤ እዚያው የሚኖሩ፣ ሁለቱም ጡረታ የወጡ፣ ኩሬ ያላቸው፣ ከኩሬው ጎን በበጋ ሣሩን በከብት አስግጠው ባዶ የሚያደርጉት ሜዳ ያላቸው። ከመጀመሪያው ቦታ ይወደዳል። ለሴትዮዋ ደወልኩ። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብላ ራሷ አነጋገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም። የእንስሳት ሐኪም አይቷት፣ ጁን መጨረሻ ላይ ቢስኪትን አመጣናት። ተጎታቹ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ያልተዋሸን ነገር እሱም ነበር። ዋጋ ሳልቀንስ 1800 ከፈልኩ። ለአያቴ ነፍስ ይማር።

ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ አባ ቢስኪት ነው። መጀመሪያ ይናደድ ነበር። አሁን ራሱ ስልክ ሲያነሳ ይለዋል።

እኔ ወደ ቢስኪት ስሄድ ብቻ የምለብሰው ጃኬት ገዛሁ። ቤት አይገባም፤ ታጥቦ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ኮሮላዋ ውስጥ ይቀመጣል። ለፈረስ የተለየ ልብስ አላት ብለው ይስቁብኛል። ዕጣን ያጨስኩ ቀን ፀጉሬንም እሸፍናለሁ።

የዚያ ዓመት በጋ በኖቬምበር ቀደም ብሎ ገባ። አንድ ቀን ሙቀቱ ከ38 አለፈ፣ እሳት ማንደድ ተከልክሏል ተባለ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ገና ጋደም ስል ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ።

"በሩ?" አለች።

ተነስቼ ለባልና ሚስቱ ደወልኩ። ሰውዬው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፍቶታል። መልሼ ደወልኩላት።

"የውስጡ ተከፍቷል። የመንገዱ ተዘግቷል።"

"ጥሩ" አለችና ዘጋችው።

በቀጣዩ ሞቃት ቀን ከእሷ ቀድሜ እኔ ደወልኩ።